ሆደ ሰፊዋ ቪትዝ

እሑድ አዘዞ ክርስትና ነበረብን። ጎረቤቴ ቪትዙን በር ላይ አቁሞ ክላክሱን ሲያስጮኸው ነጠላዬን እያስተካከልኩ ወጣሁ። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ ባይ መኪናው ሞልቷል። ሞልቷል ያልኩት እንግዲህ እንደ ተራ ሰው ቆጥሬ ነው። እሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጋሼ ይግቡ እንጂ፣ ቦታ አለ!» አለኝ።

ቦታ አለ። ከዚህ የሚበልጥ ደግነት የት ይገኛል? መኪናዋ የተሠራችው ለአምስት ሰው ነው ይላሉ። የሠሯት ሰዎች ምን ያውቃሉ፣ ጎንደር ክርስትና ተጠርተው አያውቁ። ስፋቷ ከውጭ ከነቆርቆሮዋ 1 ሜትር ከ70 አይሞላም፤ ሆዷ ግን፣ ሆዷ የእናት ነው።

ልቁጠርላችሁ። ከፊት እሱና ሚስቱ። በሚስቱ ጭን የሰባት ወሩ ሕፃን። በሁለቱ ወንበሮች መሃል፣ ማርሹ ጥግ፣ የአራት ዓመቱ ልጅ ቆሟል፤ አዎ ቆሟል፣ እንደ ታክሲ ረዳት። ከኋላ አማቱ፣ በአማቱ ጭን ትልቋ የስምንት ዓመቷ ልጅ። ከወንበሩ ጀርባ፣ ዕቃ የሚጫንበት ላይ፣ የእህቱ ሁለት ልጆች ከድፎ ዳቦው ጋር ተጠቅልለዋል። መሃል ላይ እኔ ተሰካሁ። ዘጠኝ ነፍስ። አሥረኛዋን መንገደኛ ግን ለብቻዋ ላስተዋውቃችሁ፤ በቀኝ በኩል መስኮቱን ይዛ፣ ከሁላችንም በላይ ተመቻችታ የተቀመጠችውን።

እንስራ ናት። ጠላ የሞላች እንስራ።

የተቀመጠችው ደግሞ በልጅ ወንበር ላይ ነው። ካር ሲት በሚባለው፣ ለስላሳ ስፖንጅ ባለው፣ ግራና ቀኝ ጆሮ ባለው። አፏ በንጹሕ ጨርቅ ታስሯል። ሁለቱ የትከሻ ቀበቶዎች አንገቷን በግራና በቀኝ ይዘው ይወርዱና ሆዷ ላይ ቀጭ ብለው ተቆልፈዋል። አማትየዋ በየአምስት ደቂቃው እጃቸውን በእኔ ላይ አሳልፈው ቀበቶው እንዳልላላ ይነካካሉ።

«እማማ፣ ይኼ የልጁ ወንበር አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

«እንስራ ነዋ ልጄ! ይሰበራል።»

«ልጁስ?»

«ልጁማ ይኸው ቆሟል።»

ኧረግ! ምን ይባላል። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሲሠራ ድንጋዩን በድንጋይ ያያዘው ኖራ ነበር። እኛ ዛሬ ያለ ኖራ ልጅን በልጅ እናያይዛለን፣ ማንም መጥቶ አይመዘግበንም።

የወንበሩን ታሪክ ሳልነግራችሁ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ካቻምና ለጥምቀት የሚስትየዋ እህት ከውጭ ስትመጣ ነው ያመጣችው። ከልብሷ ቀንሳ፣ ከሻንጣ ኪሎዋ ቀንሳ። ራሷ ናት የገጠመችው፤ እኔም ቆሜ አይቻለሁ። ወንበሩ ላይ በጉልበቷ ተጭና ቀበቶውን በሁለት እጇ ስትስብ ላብ አጠመቃት። ከሁሉ የፈጀው የቀበቶውን መቆለፊያ መፈለግ ነበር። ምክንያቱም የመኪናው ወንበር ልብስ ለብሷል፤ ባለ ወርቃማ ጥልፍ ልብስ፣ ከነመቆለፊያዎቹ ሸፍኖ። እጇን አስገብታ ስታስስ መጀመሪያ የወጣው ቆሎ ነው። ቀጥሎ የከረሜላ ወረቀት። ቀጥሎ አንድ ብር፣ ቀጥሎ የጠፋ የጆሮ ጌጥ፤ በዚህ ጊዜ ባልና ሚስት የድሮ ጠብ አንስተው ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ መቆለፊያው ተገኘ። አዲስ ነው። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ማንም አልነካውም።

እህትየዋ በጥምቀት ማግስት ተመለሰች። ልጁ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው አንድ ሳምንት ነው። በሳምንቱ አያትየው አዩት። «ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?» አሉ። ፍርድ ማለት ይኼ ነው። ልጁ በዚያው ቀን ተፈታ።

ወንበሩ ግን ሥራ አልፈታም። መጀመሪያ ሳሎን ገብቶ የጎረቤቴ ኳስ ማያ ሆነ፤ ልኩ አልሆነ ብሎት ተወው። ቀጥሎ ቡና ሲፈላ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው የሚሰጠው መቀመጫ ሆነ፤ አንድ ሁለት ቀን እኔም ተቀምጬበታለሁ፣ መነሣቱ ነው እንጂ መቀመጡስ ይመቻል። ከዚያ የታጠበ ልብስ ማቆያ። ከዚያ በረንዳ ወጣ። በረንዳ ላይ ደግሞ የቤቱ ዶሮ አየችውና ዘላ ገባች፣ ተመቻት፣ እንቁላል ጣለች፣ ታቀፈች። 21 ቀን ሙሉ ቤተሰቡ በእግር ጣቱ እየሄደ አስታቀፋት። ሰው በኃይል በር ሲዘጋ «ቀስ! ዶሮዋ ትደነግጣለች» ይባላል። ጫጩቶቹ በሰላም ወጡ። ከዚያ ሁሉ የቤት ሰው መሃል ዕቃው ለልጅ መሆኑ የገባት እሷ ብቻ ናት። ከዶሮዋ በኋላ ታጥቦ ወደ መኪናው ተመለሰ፤ ድግስ ባለ ቁጥር እንስራዋ ትነግሥበታለች።

ኒልስ ቦሊን የሚባል የስዊድን መሐንዲስ ነበር። ዛሬ በየመኪናው ያለውን፣ ትከሻና ወገብ የሚይዘውን ቀበቶ ለቮልቮ የሠራው እሱ ነው፣ በ1959 እ.ኤ.አ.። ነፍሱን ይማረውና፣ ድካሙ በጎንደር የጠላ ፍሬ ማፍራቱን ሳያይ አለፈ።

መንገድ ላይ ጎረቤቴን ጠየቅሁት። ለምን ለሦስቱም ልጆች አትገጥምም? አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ለክቼዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከልብ ሰፊ ሜትር ተውሶ ለክቷል። የኋላው ወንበር 130 ሴንቲሜትር። አንዱ የልጅ ወንበር 44። ሦስቱ 132። «2 ሴንቲሜትር ጎደለኝ» አለ፣ እንደ ተበደለ ሰው።

ይኼን ሂሳብ አድንቁልኝ። 2 ሴንቲሜትር ስለጎደለ ሦስቱም ልጆች ተለቀቁ። ወጡ ለሦስት እንጀራ ካልበቃ ይደፋ እንደማለት። ሦስት የልጅ ወንበር በትንሽ መኪና መግጠም አስቸጋሪ መሆኑን አልክድም። መሃለኛው ሲገባ የግራና የቀኙ መቆለፊያ ይቀበራል፣ ጣት ይላጣል፣ ወደ ኋላ የሚያየው የሕፃን ወንበር የፊቱን ወንበር እየገፋ ሹፌሩን ከመሪው ጋር ያጣብቀዋል። ግን ትልቋ የምትፈልገው ከሥር ከፍ የሚያደርጋትን መቀመጫ ብቻ ነው፤ እሱ ጠበብ ያለም አለው። የሚያስፈልጋት ቁመቷ እንደየአገሩ ሕግ ከ135 እስከ 150 ሴንቲሜትር እስኪደርስ፣ ቀበቶው በአንገቷ ሳይሆን በትከሻዋ እንዲያልፍ ነው። ሕፃኑን ወደ ኋላ፣ ወንድሙን ወደ ፊት ብታዞራቸው ደግሞ ሰፊው የወንበሮቹ ጎን ፊትና ኋላ ይሆንና አይጋፋም። ይኼን ብዬ ሳልጨርስ ሰውየው በመስታወት አየኝና «ታዲያ እርስዎ የት ሊቀመጡ ነው?» አለኝ።

አፌን ዘጋሁ። እውነት ነው፣ የልጅ ቦታ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

የልጆቹን ሥልጠና ሳላደንቅ አላልፍም። አባትየው ራቅ ብሎ ትራፊክ ሲያይ «ጎንበስ!» ይላል። ወዲያው አምስት ጭንቅላት ይጠፋል፤ የሰባት ወሩ እንኳ በእናቱ ነጠላ ሥር ይሰወራል። ከኋላ ሳቅ ይታፈናል። መኪናዋ የአራት ሰው ሆና፣ ጨዋ ሆና ታልፋለች። አባትየው ራሱ ቀበቶውን በትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ አይቆልፈውም፣ እንደ ነጠላ ነው የሚያጣፋው። ካለፍን በኋላ «ተነሡ!» ይላል፣ ጭንቅላቶቹ ይበቅላሉ።

ማራኪን እንዳለፍን አንድ ባጃጅ ከጎን ዘው አለ።

ፍሬኑ ሲያዝ ያለን ፍጥነት ይኼን ያህል አይደለም። የአራት ዓመቱ ልጅ ግን የሚይዘው ነገር አልነበረም። በአፉ ክሩስኮቱ ላይ ሄደ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም፤ ከዚያ አንድ ጩኸት ተሰማ። «እንስራዬን!»

እንስራዋ ንቅንቅ አላለችም። ቀበቶው ይዟታል። ከጨርቁ አንድ ጠብታ አልወጣም።

ከዚያ ነው ልጁን ያየነው። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። በነጩ የክርስትና ልብስ ላይ ደሙ አገጩን ይዞ ይወርዳል። አባትየው ዞሮ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ያዝ አላልኩህም!» አለው። ምኑን ይያዝ? አራት ዓመቱ ነው። ምኑን ይያዝ?

እዚህ ጋ ቀልዴ አለቀብኝ። በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል አንደኛው የመንገድ አደጋ ነው፤ በሽታ አይደለም፣ ጦርነት አይደለም። እናትየዋ «እኔ አጥብቄ ይዤዋለሁ» ትላለች ስለ ሕፃኑ። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግጭት ሲደርስ ክንድ ላይ ወደ 3 ኩንታል ይሆናል። 3 ኩንታል ጤፍ ከሰማይ ሲወርድ በክንዷ የምትቀልብ እናት አለች? ከፊቷ ያለው ኤርባግ ደግሞ ሲፈነዳ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው የሚመጣው፤ በእሱና በእናቱ ደረት መሃል ያለው ማን ነው? ቀበቶ መቆለፍ የማይችል እጅ ቢሆን አልናደድም ነበር። የሚያናድደኝ ያው እጅ እንስራዋን እንዲያ አድርጎ ማሰሩ ነው። ቀጭ አድርጎ፣ ስቦ፣ ደግሞ ሞክሮ። ሳናውቅ ቀርተን አይደለም።

መኪና የሌለውን፣ ልጁን በባጃጅ አቅፎ የሚሄደውን እንዳልነካ። ይኼ ወንበር ውድ ነው፣ በየሱቁም አይገኝም። የእኔ አድናቆት ለነዚያ ነው። ለሙዚቃ ወዳዱ፤ ከኋላ ያስገባውን ሳጥን የሚያህል ድምፅ ማጉያ በአራት ብሎን ከመኪናው ወለል ጋር ያሰረው፣ ልጁን ግን ከላዩ ላይ ያስቀመጠው። «የፈጣሪ ጥበቃ ይበልጣል» ለሚለው፤ ይበልጣል፣ ማን ይክዳል፣ ግን ስልኩ ላይ መስታወት ለጥፎ ከላይ ሽፋን ደርቦበታል፣ ስልኩን ፈጣሪ አይጠብቀውም ማለት ነው። የአራት ዓመት ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ እያስያዘ ቪዲዮ ለሚለቀው፤ «ትንሹ ሹፌር» ብሎ። ከሥሩ ደግሞ ልብ ለምንደረድርለት ለኛ።

አዘዞ ደረስን። ልጁ ከንፈሩ በውኃ ታጠበ፣ ለስላሳ ተሰጠው፣ ረሳው ተባለ። ጠላው ተመሰገነ፤ መንገድ ሳይነቀንቀው ነው የመጣው አሉ አዋቂዎቹ። አማትየዋ ኮሩ።

ማታ ስንመለስ አንድ ነገር አሰብኩ። እንስራዋ ባዶ ናት፣ ከኋላ ከልጆቹ ጋር ትሂድ፣ ወንበሩ ለልጁ ይለቀቅ። አልኩም። አማትየዋ በትዝብት አዩኝ። «ባዶ ብትሆንስ? የእናቴ እንስራ ናት» አሉና ራሳቸው ቆለፏት።

ልጁን ጭኔ ላይ ተቀበልኩት። አብጦ አንድ ጎን የሄደ ከንፈሩን ከፈት አድርጎ አንቀላፋ። እስከ ፒያሳ በሁለት እጄ ይዤው መጣሁ፤ ክንዴ ደነዘዘ። በጉብታው ሁሉ የልጁ ጭንቅላት ወዲያና ወዲህ ይላል። እንስራዋ ከጎኔ ቀና ብላ ፊት ለፊቷን ታያለች።