ካውያ ለአልፎ አልፎ ተኳሽ

ሠርግ፣ ምርቃት ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ ካልመጣ ካውያ ትዝ የማይለው ሰው፣ ሊገዛ ሲወጣ ግን ላውንደሪ ሊከፍት ያሰበ ይመስላል። 2,600 ዋት ይላል፤ ከፊት የሚረጭ፣ ከታች እንፋሎት የሚተፋ፣ የተሰቀለ ኮት ሳይወርድ የሚተኩስ ይላል። ገዝቶ ሁለት ሸሚዝ ይተኩስበትና ቁም ሳጥን አናት ላይ ይሰቅለዋል።

የእንፋሎት ካውያ የሚታመመው ሥራ ሲፈታ ነው። ሆዱ ውስጥ የተረሳው ውኃ ቀስ እያለ ይደርቅና ነጭ ዝቃጩ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ በተፈለገ ቀን ቡናማ ውኃ ይተፋል። የሚተፋው ደግሞ ነጭ ሸሚዝ ላይ፣ ያውም ደረት ላይ ነው። ጥቁር ሱሪ ላይ ተፋ ሲባል የሰማ የለም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከ1,000 እስከ 1,200 ዋት የሆነ ደረቅ ካውያ ይበቃዋል። ውኃ መያዣ የለው፣ ቀዳዳ የለው፤ ማሞቂያ፣ ሙቀቱ ሲበቃ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ቴርሞስታትና ፊውዝ ብቻ። እንፋሎቱን የውኃ መርጫ ጠርሙስ ይተካዋል፦ ሸሚዙን ረጨት ረጨት አድርጎ መጠቅለል፣ 10 ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ እርጥበቱ ሳይለቀው መተኮስ። የጥጥን ጭምድድ የሚፈታው ሙቀትና እርጥበት እንጂ ጉልበት አይደለም፤ ካውያው ላይ ተንጠልጥሎ ላቡን የሚያንጠፈጥፈውን ሰው ግን ማን ያስረዳው!

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ቀለሙን ያያል። መታየት ያለበት ገመዱ ከእጀታው የሚወጣበት ቦታ ነው፤ እዚያ ወፍራምና ተጣጣፊ የጎማ እጅጌ ከሌለው ሽቦው ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል። (ትኩሱን ካውያ በገዛ ገመዱ ጠምጥሞ የሚያስቀምጥ ሰው እጅጌውም አያድነውም።) ከዚያ ይሰካ። የካውያው አመልካች መብራት በርቶ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጠፍቶ፣ እንደገና መብራት አለበት። ያለማቋረጥ ከበራ ቴርሞስታቱ ኤሌክትሪኩን አልቆረጠም ማለት ነውና ሻጩ «ሲለምድ ይስተካከላል» ቢልም አይገዛም። በጀርባው ሲቆምም መወላወል የለበትም።

የሙቀት መደወያው ላይ ያሉት ነጥቦች ለጌጥ አልተቀመጡም። አንዱ እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለናይለን፣ ሁለቱ እስከ 150 ለሱፍና ለሐር፣ ሦስቱ እስከ 200 ለጥጥ ነው። ካውያ ለመጋል ይቸኩላል፣ ለመቀዝቀዝ ይለግማል፤ ስለዚህ ከስሱ ጨርቅ ተጀምሮ በጥጥ ይጨረሳል። ችኩል ሰው ግን ከጥጡ ይጀምርና መደወያውን ዝቅ ባደረገበት ቅጽበት ናይለኗን ቀሚስ ይነካታል። ቀሚሷ ካውያው ላይ ትቀራለች። ቀጥሎ ቢላዋ ይመጣል፣ የማያጣብቀው ቅባት ይፋቃል፣ ከዚያ በኋላ ያ ካውያ የነካውን ሁሉ ይዞ ይቀራል።

2,400 ዋት የሆነ ካውያ በ220 ቮልት ወደ 11 አምፔር ይስባል። ይህን ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር በአንድ ቀጭን ማከፋፈያ ላይ የሚሰካ ሰው፣ ፕላስቲክ ሲሸተው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጎረቤቱን ነው።

ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍል አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ራሱን በራሱ የሚያጠፋ መሆኑ። ብዙዎቹ በሆዳቸው ተኝተው ካልተነኩ በ30 ሰከንድ፣ ቆመው ከተረሱ በ8 ደቂቃ ግድም ይጠፋሉ። መንገድ አጋምሶ «ካውያውን ነቅያለሁ?» እያለ የሚመለስ ሰው በታክሲ የሚያወጣው ብቻ ልዩነቱን ይሸፍንለታል።