ጭራቅ ያልተቀጠረበት ፊልም

ጭራቅ ውድ ነው። ሜካፑ አለ፣ ልብሱ አለ፣ ቀንዱን የሚያስተካክልለት ሰው እንኳ ደመወዝ ይፈልጋል። ዳንኤል ማይሪክና ኤድዋርዶ ሳንቼዝ እንደ ፈረንጆቹ በ1997 ሜሪላንድ ጫካ ሲገቡ ኪሳቸው ይህን አይችልም ነበር። ስለዚህ ጭራቁን ተዉት። ሦስት ተዋንያን ካሜራ አሸክመው ወደ ጫካ ላኩ። ስለ አንዲት ጠንቋይ አፈ ታሪክ ሊቀርጹ ጫካ ገብተው ስለጠፉ ሦስት ወጣቶች የሚያወራው አስፈሪ ፊልም፣ «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት»፣ በዚህ መንገድ ተሠራ።

ቀረጻው የፈጀው 8 ቀን ገደማ ነው። ተዋንያኑ ራሳቸው ይተውናሉ፣ ራሳቸው ይቀርጻሉ፣ ጓዛቸውንም ራሳቸው ይሸከማሉ። እንዲነጫነጩ ተብሎ ምግባቸው በየቀኑ ይቀነሳል። ሌሊት ደግሞ ዳይሬክተሮቹ መጥተው ድንኳናቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ እስከማውቀው ይህን የሚያደርገው ተከራይ ማስወጣት የፈለገ አከራይ ነው።

ዋናው ሥራ የተሠራው ግን ከጫካ ከተወጣ በኋላ ነው። ተዋንያኑ በፊልሙ ውስጥ የተጠሩት በገዛ ስማቸው ነበር። በ1999 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ «የጠፉ ሰዎች» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ድረ ገጽ ተከፍቶ የፖሊስ ሰነድ የሚመስል ነገር ተደረደረበት። የፊልም መረጃ ድረ ገጹ አይኤምዲቢ ሳይቀር «ጠፍተዋል፣ ሞተዋል ተብሎ ይገመታል» ብሎ ጻፈ። ልጆቹ ደግሞ ብቅ እንዳትሉ ተባሉ። ወሬው እየደራ ሄዶ ሄዶ ከተዋንያኑ አንዷ ለሆነችው ለሄዘር ዶናሁ እናት የሐዘን ካርድ ይደርሳቸው ጀመር፤ ልጃቸው በሕይወት እያለች! ደግነቱ አሜሪካ ሆነና በካርድ ቀረ። እኛ ጋ ቢሆን በማግስቱ ድንኳን ተጥሎ፣ እድሩ ወንበርና ድስት ልኮ፣ «ኧረ ልጅቷ ደህና ናት» የሚል አንድ ሰው ቢገኝ እንኳ «ዝም በል፣ ገና አልተረዱም» ተብሎ በክርን ይጎሸም ነበር።

ፊልሙ ሐምሌ 1999 ላይ ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ240 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ጠንቋይቱ አንዴም አትታይም። ከተመልካቹ አንዳንዱ ካሜራው ሲወዛወዝ አጥወልውሎት ወጣ። እውነቱን ለመናገር የፊልሙ ግማሹ «ካርታው የት ገባ?» የሚል ጭቅጭቅ ነው። ካርታውን ወንዝ ውስጥ የከተተው ደግሞ ከራሳቸው አንዱ! ቢሆንም መጨረሻ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚቆመው ሰው ለእኔ ከአሥር ቀንዳም ጭራቅ ይብሳል።

የተጎዳችው የፊልሙ ታሪክ ተፈጸመባት የተባለችው በርኪትስቪል ናት። 200 ሰው እንኳ የማይኖርባት ትንሽ ከተማ፤ የጠንቋይቱ አፈ ታሪክ ከነጭራሹ ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። ሆኖም ሰዉ እየጎረፈ የከተማዋን የስም ሰሌዳ ነቅሎ ወሰደ። አጋንንት ፍለጋ መጥቶ ሌባ ሆኖ መመለስ ማለት ይሄ ነው።

በ2024 «ሟቾቹ» ሦስቱም በአደባባይ ወጥተው ከፊልሙ ገቢ ተገቢው ክፍያ ይሰጠን ብለው ጠየቁ። እኔ ብሆን ያኔ የተቀነሰብኝንም ምግብ ጨምሬ አስከፍል ነበር።