ድምጿ የት ሄደ?

እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ቴሌቪዥን የምትከታተለው በጆሮዋ ነው። ባለፈው ወር ከሎስ አንጀለስ ስደውልላት ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ «እቺን ልጅ ምን ነካት?» አለችኝ። የጎረቤት ልጅ መስላኝ ደነገጥሁ። ለካ የቱርክ ድራማዋ ላይ ያለችውን ነው። «ሰኞ ደህና ነበረች። ማክሰኞ ድምጿ የሌላ ሰው ሆነ። አሟት ይሆን?»

አላመማትም። ያቺን የቱርክ ልጅ ከመቶ ክፍል በላይ የአማርኛ ድምፅ ሆና ያናገረቻት አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት። ክፍያዋ ትንሽ እንዲጨመር፣ እሱ ካልሆነ ስሟ እንኳ መጨረሻ ላይ እንዲጻፍ ጠየቀች። «ካልተስማማሽ ብዙ ልጅ አለ» ተባለች። በቃ። ሌላ ልጅ ማይኩ ፊት ቆመች፣ ለተመልካቹ ማንም ምንም አልነገረውም።

ይህን በሰማሁ በሳምንቱ እሑድ ልጄን ይዤ ሆሊውድ ፎርኤቨር የሚባለው መካነ መቃብር ሄድሁ። የኛ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ ብዙም አይርቅም። የጥንቸሉ የበግስ በኒ፣ የዳፊ ዳክና የአሳማው የፖርኪ ድምፅ የነበረው ሜል ብላንክ የተቀበረው እዚያ ነው። ድንጋዩ ላይ ፖርኪ ካርቱኑን የሚዘጋባት «ወዳጆቼ፣ ይኸው ነው!» የምትለዋ ቃል ተቀርጻለች። ከሥሩ አንድ ሰው ካሮት አስቀምጦለታል፣ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። ሰውየው የሞተው በፈረንጆቹ 1989 ነው፤ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ግን ካሮቷን ባየ ጊዜ ማን እንደተኛ ወዲያው ገባው።

እዚያው ቆሜ ጓደኛዬን አሰብኋት። ብላንክም እንደ እሷ ደመወዝ ጨምሩልኝ ብሎ ነበር። አለቃው እምቢ አለ፤ ጭማሪው ቢቀር ስሙ ፊልሙ ላይ እንዲጻፍ ግን ተስማማ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ሁሉ የጥንቸሉ ድምፅ የማን እንደሆነ አወቀ። በጃንዋሪ 1961 ክፉኛ በመኪና ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ሲተኛ፣ በስሙ ቢጠሩት መልስ ጠፋ። አንድ ቀን ሐኪሙ «በግስ በኒ፣ ዛሬ እንዴት አለህ?» ሲለው በጥንቸሉ ድምፅ መለሰለት ይባላል።

አሜሪካም ለሁሉም እንዲህ ነበረች አልልም። ጥንቸሉን ሲያሳድድ የሚኖረው አዳኙ ኤልመር ድምፁ የአርተር ብራያን ነበር፤ እነዚያ ፊልሞች ላይ ስሙ ሳይጻፍለት ለዓመታት ሠርቶ በ1959 ሞተ። ይህም ያንገበግበኛል።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን የዶናልድ ዳክ ነገር ነው። ክላረንስ ናሽ ከ1934 ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ያህል ዳክዬውን አናገረ። ከመሞቱ በፊት ቶኒ አንሴልሞ የሚባል ወጣት ሠዓሊ አጠገቡ አስቀምጦ ድምፁን አስተማረው፤ ከ1985 ወዲህ ዶናልድ እሱ ነው። ሕፃናቱ ሳይደነግጡ ድምፁ ከሰው ወደ ሰው ተሻገረ። የኔ እናት ግን ሰኞ ያመሸችው ከአንዷ ጋር፣ ማክሰኞ ከሌላዋ ጋር ነው።

እኛም ዘንድ ድምፅን በስሙ ማወቅ የማይቻል ሆኖ አይደለም። ቀጭኔዋ ፀሐይ የምትናገረው በብሩክታዊት ጥጋቡ ድምፅ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን! ከባዕድ ቋንቋ ተመልሰው የሚመጡልን ድራማዎች ላይ ማታ ማታ የሚያስለቅሱንን ልጆች ስም ለመጻፍ ታዲያ የቱ አቃተ? ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው። ገንዘቡስ ይቅር፣ አንዲት ሴት አንድ ዓመት ሙሉ ጉሮሮዋን ሰጥታ እንዳልነበረች ስትሆን እንዴት ያስችላል?

ማታ ለእናቴ ደወልኩና ልጅቷ ደህና እንደሆነች፣ የተለወጠችው ያናገረቻት እንደሆነች ነገርኳት። ስሟንም ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ደገመችው። አሁን በደወልኩ ቁጥር ከጤናዬ ቀጥላ የምትጠይቀኝ «ያቺ ልጅ ሥራ አገኘች?» ብላ ነው።