የሌባው ቤት ምረቃ

ዲፕሎማቶችን ስናማ ነው የምንውለው። ዛሬ ግን ላመሰግናቸው ተነሥቻለሁ። በተለይ ስለ አንድ ሙያቸው፦ ዕውቅና ስለ መስጠት።

ሌባ የጎረቤትህን በር ሰብሮ ገባ እንበል። ባለቤቱን አባረረ፣ ልጆቹን ገደለ። ያልሠለጠነ ሰው ኡኡ ብሎ ዱላ ይዞ ይወጣል። የሠለጠነው ግን ይታገሣል። ጩኸቱ በረድ ሲል ከረባቱን አስሮ፣ ስጦታውን ይዞ፣ የሌባውን በር ቀስ ብሎ ያንኳኳል። «እንኳን ለቤትህ አበቃህ!»

ይህን ጨዋነት እኛ በደንብ ቀምሰነዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ቆመው ስለ መርዝ ጋዙ ተናገሩ። የመንግሥታቱ ማኅበር በጣም አዘነ። ከሐዘኑ ብዛት፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ።

ሥርዓት በማወቅ ግን እንግሊዝን የሚያህል የለም። ዕውቅናን ለሁለት ከፈሏት። አንደኛዋ ዴ ፋክቶ ትባላለች፤ «ቤቱን መያዝህን አይተናል» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛዋ ዴ ዩሬ ናት፤ «ካርታው በስምህ ይዙርልህ።» የመጀመሪያዋን በታኅሣሥ 1929 ሰጡ። ሁለተኛዋን ኅዳር 7 ቀን 1931፣ በጠቅላይ ሚኒስትራቸው በቸምበርሌን ዘመን።

በመሐል የካቲት 12 ነበረ። ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ጎጆ ላይ ቤንዚን እያርከፈከፉ ሰውን ከነቤቱ አቃጠሉ። ኢትዮጵያ በኋላ 30 ሺህ ሰው አለቀብኝ ብላለች። ግንቦት ላይ ደግሞ ደብረ ሊባኖስ ሆነ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት አስረሸንኩ አለ፤ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ በብዙ ይበልጣል። አዲስ አበባ ያለው የእንግሊዝ ቆንስላ ጭሱን አይቶ ለለንደን ጽፏል። ደብዳቤው ደርሷል። ፋይል ተደርጓል። መዝገብ ቤት እንዲህ ሲሠራ ደስ ይላል!

ሚያዝያ 8 ቀን 1930 ለዚህ ዕውቅና መንገድ የጠረገውን ስምምነት ሮም ላይ የፈረመው ማን መሰላችሁ? የእንግሊዙ አምባሳደር ሎርድ ፐርዝ። በቀድሞ ስማቸው ሰር ኤሪክ ድረመንድ። የመንግሥታቱ ማኅበር የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ የነበሩት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። የደካማ አገር ጠበቃ ይሆናል የተባለውን ቤት ያቋቋመ እጅ፣ የአንዷን ደካማ አገር ካርታ አዛወረ። ሰው ሙያውን ሲያሻሽል እንዲህ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን የፍርድ ቤቷ ነገር ናት። ንጉሡ ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በስደት ላይ ናቸው። ተቸግረው የብር ዕቃቸውን እስከ መሸጥ ደርሰዋል። አንድ የእንግሊዝ ቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ የሚከፍለው ዕዳ ነበረበትና ከሰሱት። ሐምሌ 1930 ተፈረደላቸው። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ተወስኖ ሳያልቅ ዴ ዩሬ ከተፍ አለች። ከዚያማ ዳኞቹ ምን ያድርጉ? ገንዘቡ የጣሊያን ንጉሥ ነው አሉ። ሌባው ጠረጴዛ ላይ ረስቶት የወጣውን ሳንቲም እንኳ ሮጦ የሚያደርስ ጎረቤት የት ይገኛል?

ደግሞ ወረቀቱ ሲጻፍ ቶሎ እንደሚጻፍ ሁሉ ሲቀደድም ቶሎ ነው። ሰኔ 1932 ሌባው የእንግሊዝን በር ማንኳኳት ሲጀምር፣ ባዝ ያሉት ሰውዬ በድንገት ትዝ አሉ። በሳምንታት ውስጥ ካርቱም ደረሱ።

በዚያ ዘመን ጨዋነት የጎደላቸው ጥቂት አገሮች ነበሩ። ሜክሲኮ አንዷ ናት፤ ወረራውን አላውቅም ብላ እስከ መጨረሻው ድርቅ አለች። ዛሬ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። እኛም አደባባይ ሰጥተናታል። ትናንት ማታ እዚያው ለመሄድ ተሰልፌ ቆሜ ነበር። ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። «ቸምበርሌን! የሞላ!» ሲል ግን እስካሁን ሰምቼው አላውቅም።