ቤዙ የታለ?

ባለፈው እሁድ እዚህ አትላንታ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ላይ ነበርን። የቤቱ ልጅ በላፕቶፑ የሠራውን የሂፕሆፕ ቢት በስልኩ ከፈተልን። ብዙ ዓመት ታክሲ የነዳው እንግዳ ቤዙን፣ ያንን ወፍራም የታች ድምፅ፣ ስላጣው ፊቱ ተኮሳተረ።

«ቤዙ የታለ? ይሄ እኮ የትንኝ ድምፅ ነው! እኔ እዚህ አገር ስመጣ መኪናው ሳይታይ ቤዙ ቀድሞ ይደርስ ነበር። መስኮት ያንቀጠቅጣል፤ ታርጋው ራሱ ይንጫጫል።»

«ጋሼ፣ አሁን ሁሉም የሚሰማው በስልክ ነው» አለ ልጁ።

ሰውየው አልተዋጠለትም። እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹን ማያሚ ቤዝ የሚባለውን የሂፕሆፕ ዓይነት አነሳ። የሙዚቃ መሣሪያ አምራቹ ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1980 አውጥቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ማምረት ያቆመውን 808 የከበሮ ማሽንም አነሳ። ገበያ ያልቀናው ዕቃ ነበር። አሮጌው በርካሽ ሲሸጥ ግን የሂፕሆፕ ልጆች እጅ ገባ። ያ ረጅም የከበሮ ምት እስከ 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ንዝረት) አካባቢ ይወርዳል። መኪናቸው ኋላ ትልልቅ ስፒከር የጫኑ ልጆች የሚፈልጉት እሱን ነበር።

«እሱን ጆሮ ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ደረት ነው!»

«የስልክ ስፒከር እኮ 50 ኸርዝ ማውጣት አይችልም» አለ ልጁ። «ስለዚህ ቤዙን ሆን ብለን እናሻክረዋለን። ሲሻክር 100፣ 150፣ 200 ላይ ሌሎች ድምፆች ይወልዳል። ስልኩ ከፍ ያሉትን ያወጣል። የጎደለውን አእምሮ ራሱ ይሞላዋል።»

እናቱ ጀበናውን እንደያዘች ቆመች። «ታዲያ የሌለውን ነው የምንሰማው?»

«አዎ እማዬ።»

«የሌለ ቤዝ ደረት አይመታም» አለ ሰውየው።

አንዱ በኤርፎን ሊያስታርቃቸው ሞከረ። ጥሩ ኤርፎን ቤዙን በደንብ ያሰማል። ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የመኪናው ቤዝ የሰፈር ነበር። ይሄ መቅረቱ እኔንም ያሳዝነኛል።

በሥራው ግን ለልጁ እፈርዳለሁ። የማያሚ ልጆችም የሠሩት በዘመናቸው ለነበረው ማድመጫ፣ ለመኪናው ነው። ማሻከሩም ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኗል፤ ያ ሻካራ የ808 ቤዝ ዛሬ ትራፕ የሚባለው የሂፕሆፕ ዓይነት መልክ ነው።

አንድ ነገር ግን አልተቀበልኩለትም። ቢቱን መኪናዬ ውስጥ ስንከፍተው ከታች ባዶ ነው። ለካ በስልክ ጎላ እንዲል ብሎ የታችኛውን ድምፅ ቆርጦታል። በስልክ የሚሰማው ሰው ያ ድምፅ ቢኖርም አያውቀውም። በመኪና የሚሰማው ግን ያጣዋል። «ድምፁን መልሰው» አልኩት።