ማስተካከያ፦ የአውሮፓ ኅብረት አንድ ወጥ የወንጀል ሕግ የለውም

ስለ ሰው ንግድ በጻፍኩት ጽሑፍ «የአውሮፓ ኅብረት አንድ የወንጀል ሕግ አለው፤ በሰው የነገደ በሁሉም አገር 5 ዓመት ይታሰራል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የኅብረቱን ውልና እ.ኤ.አ. የ2011ን የሰው ንግድ መመሪያ (አባል አገራት በየራሳቸው ሕግ የሚያስገቡትን የኅብረቱን ድንጋጌ) መልሼ አነበብኩ። የውሉ አንቀጽ 83 የሚፈቅደው ዝቅተኛ መስፈርት ማውጣትን ነው፤ ያውም በዋናነት እንደ ሽብር፣ የሰው ንግድና ሙስና ባሉ ድንበር ተሻጋሪ ከባድ ወንጀሎች ላይ። ሕጉን የሚጽፈው እያንዳንዱ አገር ነው። አንድ አገር የኅብረቱ የመመሪያ ረቂቅ የወንጀል ፍትሕ ሥርዓቱን መሠረት ይነካል ብሎ ካመነ፣ ጉዳዩ ለአባል አገራቱ መሪዎች ምክር ቤት እንዲቀርብ መጠየቅ ይችላል። ይህን መዝለሌ በጣም ይቆጨኛል፤ የነገሩ ልብ እዚህ ጋ ነው።

5 ዓመት ያልኩትም የቁርጥ ቅጣት አይደለም። መመሪያው የሚለው፣ የቅጣቱ ጣሪያ ከ5 ዓመት አይነስ ነው። ተጎጂው ሕፃን ከሆነ ደግሞ ከ10። ዳኛው እንደየአገሩ ሕግ ከጣሪያው በታች ሊፈርድ ይችላል። ዴንማርክ ደግሞ በመመሪያው አትገደድም።

ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያላችሁ፣ በእኔ ቁጥር አትመሩ። ጉዳዩ የተያዘበትን አገር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ። የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ፤ ያጋራችሁት ካላችሁ ይህንንም አጋሩልኝ።