አዋጁ ቤት ካለው እሱ ጋ ተከራዪ

ዛሬ ይሄን ሳልተነፍስ ብተኛ ደሜ ይፈላል፣ ስለዚህ ማንበብ ያልፈለገ ይለፈኝ። ረጅም ነው። እጄ ገና አልበረደም፣ ፊደል እንዳትለቅሙብኝ።

«አየሩም ጥሩ ነው» አለኝ እኮ! ደላላው! ከተማው ዳር፣ ኮየ ፈጬ ሂጂ፣ አየሩም ጥሩ ነው። ሳንባዬን ያመመኝ መሰልኩት እንዴ? የሚከራይ ቤት ነው የጠየቅኩት።

እትዬ አከራይ «ልጄ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ብለውኛል። የአዲስ አበባ አከራይ ልጆች በሙሉ እንደተባለው ቢመጡ እኮ ቦሌ ኤርፖርት አይችላቸውም። ሁሌ ሊመጣ ነው። ደሞ ስንት ዓመት አሜሪካ ኖሮ ሲመጣ የሚገባው ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ባለ አንድ መኝታ ውስጥ ነው! እሺ ይምጣ። እኔም እቀበለዋለሁ፣ አበባም እይዛለሁ።

ነገሩ ግን የልጅ አይደለም፣ የውል ነው። ያ የቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 መጋቢት ላይ ሲጸድቅ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እዚሁ ገጼ ላይ ለጥፌው ነበር፣ ወደ ታች ብትወርዱ አሁንም አለ። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ መንግስት በሚያወጣው ልክ ብቻ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ክፍያው በባንክ። ሰኔ ላይ እኔና እትዬ ወረዳ ጎን ለጎን ተሰልፈን አስመዘገብን፣ እንደውም ጃንጥላቸው ስር አስጠልለውኝ ነበር። ወር ሳይሞላው፣ ሐምሌ 22፣ ዶላሩ በገበያ ዋጋ እንዲሄድ ተለቀቀ። ሃምሳ ሰባት ብር አካባቢ የነበረው መቶን ሲያልፍ ስልኬ ጠራ። «የኔ ልጅ፣ ዶላር እኮ ጨመረ።» ግድግዳው የብሎኬት ነው፣ ብሎኬቱ እዚሁ የተመታ ነው፣ እሳቸውም እኔም ዶላር በእጃችን ነክተን አናውቅም፣ ግን ዶላር ጨመረ። «አዋጁ አይፈቅድም» አልኳቸው በትህትና። ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኩሽናው ቧንቧ ይንጠባጠባል፣ እኔም እደውላለሁ፣ እሳቸውም «እሺ እመጣለሁ» ይላሉ።

አሁን ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ነው። ያ ሁሉ ታፍኖ የቆየ ጭማሪ አንድ ላይ ሊወርድብኝ ነው ማለት ነው። አዋጁ ጭማሪውን አላስቀረልኝም፣ አጠራቀመልኝ እንጂ። ባለፈው ቅዳሜ ደሞ ጉድ በሉ፣ እትዬ መጡ! ቧንቧውን ሊያዩ! በስልካቸው ፎቶ አነሱት፣ «ለቧንቧ ሠሪው ላሳየው» ብለው፣ ሳሎኑንም አነሱ፣ መኝታ ቤቱንም አነሱ፣ እኔ ሞኟ ደሞ ሻይ አፍልቼ አቀረብኩ።

እና ዛሬ ሌላ የሚከራይ ቤት ለማየት ሄድኩ። ማየት ጋ እንኳን አልደረስኩም፣ ቤቱን ሳላይ ነው የወደቅኩት። ድሮ መግቢያው በር ጋ የነበረው ሱቅ፣ እሱ አሁን ካፌ ሆኗል፣ ቡናው ላይ ቅጠል የሚሳልበት። ስሙን ለማንበብ ዓይኔን ማጨናበስ አለብኝ፣ በአማርኛ የተጻፈው ከስር በመርፌ ነው መሰለኝ። የተቀመጥነው ደላላው፣ የአዲሱ ቤት አከራይ ወኪል፣ እኔ። ወኪሏ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ ሰክታለች፣ ሜኑው በኪው አር ነው፣ ስልኬ ባትሪ 4 ፐርሰንት።

«ስንት ናችሁ?» አለች ቀና ሳትል።

«እኔና እህቴ።»

«እንግዳ ይበዛባችኋል?»

«አይ፣ እናታችን ብቻ አንዳንዴ...»

«ታድራለች?»

እናቴ! ታድራለች ወይ! እንግዲህ መሽቶባት ከሆነ አስወጥቼ በረንዳ ላይ ላሳድራት?

«እህትሽ ምን ትሠራለች?»

«አስተማሪ ናት።»

«የግል?»

«የመንግስት።»

«አይይ» አለች። ለቅሶ ቤት ገብተው የሚሉትን «አይይ»። (የመንግስት ሠራተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተጨምሯል አይደል፣ የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500። ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ያንን ዜና ከእህቴ በፊት የሰማው አትክልት ሻጩ ነው። ከእህቴ በፊት የሰሙት እትዬ ናቸው። ደመወዙ ገና ባንክ ሳይገባ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብለው ደውለዋል፣ ለምን እንደደወሉ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።)

«ምጣድ አላችሁ?»

«አለን።»

ተያዩ። ደላላውና ወኪሏ ተያዩ! መሣሪያ አለሽ ወይ ተብዬ አዎ ክላሽ አለኝ ያልኩ ይመስል።

«እንጀራ ብትገዙ ይሻላል፣ ቆጣሪው አይችልም። የወጥ ሽታም ፈርኒቸሩ ላይ ይቀራል።»

«ቤቱ ባዶ ነው አላላችሁኝም?»

«አሁን ባዶ ነው። ወደፊት ጌስት ሃውስ ልናደርገው ስለምንችል።»

ገባችሁ? ዛሬ የምሠራው ሽሮ ነገ በሚገዛ ሶፋ ላይ ይሸታል። ላልተገዛ ሶፋ ነው የተጠየቅኩት።

ዋጋው ስንት ነው አልኩ፣ ሰላሳ አምስት ሺህ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ። ሁለት መቶ አስር ሺህ ብር በአንዴ፣ የደላላው ኮሚሽን ሳይጨመር። ውሉ ላይ ደሞ አሥራ ሁለት ሺህ ብለን እንጽፋለን፣ ቀሪው በእጅ ነው አለችኝ፣ ግብሩ አይቻልም ብላ፣ እንደ ትልቅ ውለታ። እና እኔ አፌን ያዥ አይሉኝ፣ «አዋጁ እኮ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ አይፈቅድም» አልኩ።

ደላላው ማኪያቶውን አስቀመጠ። ፈገግ አለ። «እህቴ፣ አዋጁ ቤት ካለው እሱ ጋ ተከራዪ።»

ሳቁ። ወኪሏ መነጽሯ እስኪወድቅ ሳቀች። አስተናጋጁ ሳቀ! አንተ ምን አገባህ፣ አንተስ የት ነው የምትኖረው፣ አንተም እኮ ተከራይ ነህ ወንድሜ!

ከዚያ ነው «በጀትሽ ስንት ነው» ያለኝ፣ ሃያ አልኩ፣ ሃያ ራሱ ወገቤን ይዤ ነው፣ እና «ሃያ ይዘሽማ ይሄ ሰፈር ለአንቺ አይሆንም፣ ወደ ኮየ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሞክሪ፣ አየሩም ጥሩ ነው»። ይሄ ሰውዬ ጠዋት ደውሎ «ኢምፔሪያል ጋ ነኝ፣ ወደ መብራት ኃይል በየት ነው የሚታጠፈው» ያለኝ ሰውዬ ነው! መንገዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ! እኔ እዚህ ሰፈር ጥርሴ የወለቀ፣ ትምህርት ቤት የተማርኩ፣ ጭቃው ከጉልበት በላይ በነበረ ጊዜ ጫማዬን በእጄ ይዤ ያለፍኩ፣ ትናንት የመጣ ደላላ ሰፈሩ ለአንቺ አይሆንም ይለኛል። ደሞ ገርጂ እኮ የከተማዋ ኮንዶሚኒየም ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ የተሠራበት ሰፈር ነው፣ ያኔ «ዝቅተኛ ዋጋ ቤት» ነበር የሚባለው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተብሎ። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ማን እንደሆነ አሁን አውቀነዋል፣ ሃያ ሺህ ኪራይ የሚከፍለው ነው።

ተነስተው ሄዱ። የካፌው ሒሳብ እኔ ጋ ቀረ። ሁለት ማኪያቶ (የእኔ አይደለም፣ እኔ ውሃ እንኳን አላዘዝኩም)፣ አንዱ 190፣ ጁስ 280፣ ወኪሏ ሁለቴ ገምጣ የተወችው አቮካዶ ቶስት 480። አሥር ፐርሰንት ሰርቪስ፣ አሥራ አምስት ፐርሰንት ቫት፣ 1,442 ብር ከ10 ሳንቲም። ሰርቪሱ ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ሳቁ መሰለኝ። ስልኬ ልትዘጋብኝ ስትል በቴሌብር ከፈልኩ፣ ቶስቱን ግን በላሁት። አዎ በላሁት፣ 480 ብር ነው!

እዚያ ቦታ ላይ እኮ ነው ሱቁ የነበረው። የዱቤ ደብተሩ በሲባጎ ታስሮ ሚዛኑ ስር ይቀመጥ ነበር፣ ባለ ካሬ መስመር ሒሳብ ደብተር፣ የእናቴ ገጽ ላይ «ብሎክ 7፣ 3ኛ ፎቅ፣ ቀጭኗ» ተብሎ ተጽፏል። እናቴ ቀጭን መሆኗ ከቀረ ስንት ዘመኗ፣ ባለሱቁ ግን ደብተር በቀየረ ቁጥር ቀጭኗ እያለ ይገለብጥ ነበር። ዘይት ሩብ፣ ሳሙና ግማሽ፣ ሽንኩርት እያለ ምልክት ያደርጋል፣ ወር ሲደርስ ይሰረዛል። ኪራዩን ሦስት እጥፍ ሲያደርጉበት ወጣ። ካፌው ውስጥ አሁን መደርደሪያ ላይ ጀበና ተደርድሯል፣ አምስት ስድስት ጀበና። ቡና አለ እንዴ በጀበና ብዬ ብጠይቅ «ለዲኮር ነው» አለኝ አስተናጋጁ። በር ላይ ረከቦት ዘርግታ የምትሸጠዋ ልጅ ገጽታ ታበላሻለች ተብላ ተነስታለች፣ ጀበናዋ ግን ገጽታ ነው።

አይ እኔ ካፌ አልጠላም። ቦሌ መገናኛ መንገዱም አምሮበታል፣ መብራቱ፣ የእግረኛው፣ ማታ ሳልፈራ እሄዳለሁ፣ ይሄን የካደ ዓይኑን ይታይ። ግን ማን ነው ዚፕ የሚቀይርልኝ? ንገሩኝ! ልብስ ሰፊው የለም፣ ጫማ ሰፊው የለም፣ ጉልት የለም፣ ካፌ ካፌ ካፌ፣ ኔይል ቤት፣ ወንዶቹ ጸጉር ለመቆረጥ ስቲም ምናምን ተጨምሮበት አምስት መቶ ይከፍላሉ፣ የተበጠሰ ቦርሳ ለማሰፋት ግን ታክሲ ይዤ ሾላ ነው የምሄደው። አዲስ የሚከፈተው ሁሉ እዚህ ለሚያልፍ ሰው ነው፣ እዚህ ለሚያድር አይደለም።

ደሞ «ለምን አትገዢም» የሚለኝ አለ፣ ራስህን ታውቃለህ አንተ። እናቴ 2005 ላይ 20/80 ኮንዶሚኒየም ተመዝግባ እስካሁን ንግድ ባንክ ትቆጥባለች። ሐምሌ 2014 ላይ እጣ ወጣ ተብሎ ስሟን ስንፈልግ አድረን ሳናገኝ፣ ከዚያ ዳታው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ፣ «ተመስገን ዕድል ተሰጠን» አለች። ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። እንደገና የለችም። አሁን ሁለቴ እጣ ያልደረሳት ብቸኛ ሴትዮ መስሏት ታፍራለች። ሪል እስቴቱ ደሞ በቀን ይደውልልኛል፣ ድምጿ ማር የሆነች ልጅ «እህት፣ ቤት ለመግዛት ፍላጎት አለሽ?» ኧረ ፍላጎትማ ሞልቷል የኔ እህት፣ ፍላጎት በካሬ ቢሆን ሙሉ ሕንጻውን እወስደው ነበር። ካሬው መቶ ምናምን ሺህ ነው አለችኝ፣ አሥር ፐርሰንት ብቻ ቅድሚያ። ብቻ!

ካዛንቺስ ሲፈርስ ጊዜ ዝም ያልነው እኛው ነን ልበል? የቀበሌ ቤት የነበረው ምትክ ተሰጠው፣ እነሱ ጓሮ በደባልነት የነበሩት ግን ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው እኔ የምፈልገውን ቤት ሊፈልጉ ነው የመጡት። ምን ያድርጉ፣ አልፈርድባቸውም፣ ግን እትዬም አይተዋል፣ ደላላውም አይቷል፣ አንድ ቤት ለአሥር ሰው ሲሆን ዋጋው ምን እንደሚሆን ትምህርት ቤት ያልገባም ያውቀዋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

ኧረ ቆይ ቆይ ቆይ።

ይሄን እየጻፍኩ ሌላኛው ደላላ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። «ገርጂ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ 3ኛ ፎቅ፣ ጽድት ያለች፣ 34 ሺህ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ፣ የማሳያ 500።» ከፈትኩት። ሎሚ ቀለም መጋረጃ። የእኔ መጋረጃ ነው! ጠረጴዛው ላይ እህቴ የምታርመው የተማሪ ደብተር ክምር አለ፣ ጥግ ላይ ለእትዬ ያፈላሁት የሻይ ፔርሙስ ቆሟል፣ የመጨረሻው ፎቶ ቧንቧው ነው፣ የሚንጠባጠበው፣ «የ24 ሰዓት ውሃ» የሚል ተጽፎበት!

ከስሩ ደሞ «እህቴ ይቺ ለአንቺ ትሆናለች፣ ግን ያለችው ተከራይ እስክትወጣ ነው፣ ትንሽ አስቸጋሪ ናት አሉ፣ አዋጅ አዋጅ ትላለች።»

«ምጣድ ይፈቀዳል?» ብዬ ላክሁለት። አይቶታል፣ እየጻፈ ነው።